የማይታዩት ሳቂዎች

ይበልጣል ያን ነጠላ አይቶት ነበር ወይስ አላየውም?

ይህን ከአሥራ አንድ ዓመቴ ጀምሮ ስጠይቅ ኖሬአለሁ። በሐሳብ ብቻም አይደለም። ጀልባ ከመቆሚያው ተነሥቶ የደንገሉን ጥግ እስኪዞር ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ሰዓት ይዤ ለክቻለሁ። ከደንገሉ ጥግ ላይ ዞር ያለ ሰው ቤታችን የነበረበትን ቦታ እንደሚያይም ራሴ ተሳፍሬ አረጋግጫለሁ። ቤቱ ዛሬ የለም፤ ባለ ሦስት ፎቅ እንግዳ ማረፊያ ተሠርቶበታል። ሾላው ግን አለና በእሱ ምልክት ለካሁ። ልኬቱ ሁሉ ትክክል ነው። መልሱ የለም።

ነገሩ የሚጀምረው ግን ከነጠላው አይደለም። ከጎረቤት ቴሌቪዥን ነው።

ያ ዓመት ትምህርት ቤት የገባሁበት ዓመት ነው። በአሥራ አንድ ዓመቴ አንደኛ ክፍል። እናቴ ከገጠር ባሕር ዳር ድረስ አምጥታ ለወንድሟ አስረከበችኝ፤ «ማስተዋል ቢያንስ ስሟን ትጻፍ» ብላ። አጎቴ መሪጌታ ነበሩ። ሰው ሁሉ የኔታ ስለሚላቸው እኔም የኔታ አልኋቸው። ሐይቁ ውስጥ ካሉት ደሴቶች በአንዷ ዜማ ያስተምራሉ፤ ዓርብ ከሰዓት በጀልባ ይሻገራሉ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይመለሳሉ። ባለቤታቸው ከሁለት ዓመት በፊት ስላረፉ ቤቱን የምታስተዳድረው ልጃቸው ሙሉ ነበረች። ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ ነው። እኔ እታለም እላታለሁ።

በክፍሌ ካሉት ልጆች በአራት ዓመት እበልጥ ነበር። ጉልበቴ ከጠረጴዛው ሥር አይገባም። «እማማ፣ ልጆችዎን ለማን ትተው መጡ?» ይሉኛል። ፊደሉን ከማንም በፊት በዜማ ይዤው ነበር፤ ከሀ ተነሥቼ እስከ ፐ ሳልተነፍስ እደርሳለሁ። ችግሩ መምህሩ በእንጨቱ መካከል ላይ የነካ እንደሆነ ነው። «ይህችስ?» ሲለኝ ከሀ ተነሥቼ በልቤ እያዜምሁ እስከዚያች ድረስ መምጣት አለብኝ። ልጆቹ እኔ እስክደርስ ይስቃሉ።

ሳቅ የፈራሁት ከዚያ ሊሆን ይችላል።

ከአጥራችን ማዶ የጨርቅ ነጋዴው የሐጂ ቤት ነበር። ሰፈሩ ውስጥ ዲሽ ያለው የእነሱ ጣሪያ ብቻ ነው። ልጃቸው ዘሃራ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አምስተኛ ክፍል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቁርአን ቤት ትቀራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ታስገባኛለች። ቴሌቪዥናቸው የሚያሳየው ብዙውን ጊዜ የፈረንጅ ድራማ ነው፤ ከሥሩ በዓረብኛ ጽሑፍ ይሮጣል። ዘሃራ ጽሑፉን እየተከተለች ጮክ ብላ ታነበዋለች፣ ከዚያ ለእኔ በአማርኛ ትተረጉምልኛለች። ሁለት ፊደል የምታውቅ ሰው! አጠገቧ ስቀመጥ እግሬን እሰበስብ ነበር።

ብዙ ቆይቼ ነው የገባኝ፤ ዘሃራ ዓረብኛ አታውቅም ነበር። ማንበብ ታውቃለች፣ ያውም አሳምራ። ቁርአን ቤት ንባቡን ያስቀድማሉ፤ ትርጉሙ ከዓመታት በኋላ ይመጣል። የየኔታም ተማሪዎች እንዲሁ ነበሩ፤ ዳዊትን በግዕዝ፣ ውርድ ንባብ በሚሉት ስልት ያንበለብሉታል፣ ምን እንዳለ ብትጠይቂያቸው «እሱ ገና ነው» ይሉሻል። በእኛ ሰፈር ንባብና ትርጓሜ ሁለት የተለያዩ ቤቶች ናቸው፣ በመካከላቸውም ረጅም መንገድ አለ። ዘሃራ ሁለተኛው ቤት እስክትደርስ መጠበቅ አቃታት። ከራሷ ሠራችው። ዋሸች ለማለት አልደፍርም። ያነበበችው ነገር ምንም አይለኝም ብላ ማመን ያቃታት ይመስለኛል።

ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ ያየነውን ዛሬም ከመጀመሪያው እስከተቋረጠበት ድረስ መናገር እችላለሁ። አንድ ቀጭን ልጅ አለ፤ መነጽር አድርጓል፣ ኮሌታው ሰፊ ነው። በእጁ የታጠፈ ወረቀት ይዟል። ከአንድ ቤት በር ላይ ደወል ይደውልና ሮጦ ከዛፍ ጀርባ ይደበቃል። የልጅቱ አባት ወጥተው ግራ ቀኝ አይተው ይገባሉ። እንደገና ይደውላል፣ እንደገና ይደበቃል። እና በእያንዳንዱ ጊዜ ብዙ ሰው ይስቃል። ሰዎቹ ግን የሉም። በመንገዱ ላይ ማንም የለም፣ በመስኮት ማንም አያይም፤ ሳቁ ብቻ ከየትም ይመጣና ልጁ ላይ ይወርዳል።

«ማን ናቸው የሚስቁት?» አልኋት።

«እኔ እንጃ። ቆይ፣ አታጣድፊኝ።» ከሥሩ ያለውን አነበበች። ሲያሰኛት ቶሎ ታነባለች፣ እንደ ውሃ። «ጂኖች ናቸው።»

«የታሉ?»

«ጂን ይታያል እንዴ? ሰው ሲዋደድ ይሰበሰባሉ። የፈራ ልብ ያገኙ እንደሆነ ይስቁበታል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይጥሉታል።»

በሦስተኛው ልጅቱ ራሷ በሩን ከፈተች። ልጁ ለመሮጥ ጊዜ አጣ። ወረቀቱን ዘረጋ፣ ልጅቱ ተቀበለችው፣ እጇ ወረቀቱን ሲነካ ልጁ ዓይኑ ተገለበጠና እንደ ግንድ ወደ ኋላ ወደቀ። ሳቁ ቤቱን ሞላው። ያን ጊዜ መብራት ሄደ። ቴሌቪዥኑ አንዲት ነጭ ነጥብ ሆነና እሷም ጠፋች።

«ሞተ» አለች ዘሃራ።

መብራቱ እስከ ማታ አልመጣም። የዘሃራ እናት እትዬ ከድጃ ከጓዳ «ምነው ልጆች፣ ዝም አላችሁ?» ብለው ሰሊጥ በማር አመጡልን። በላሁት፤ ጣዕሙን ግን አላስታውስም።

ከቅዳሜው በፊት ይበልጣልን አላየሁትም ነበር ማለት ይቻላል። የኔታን በሞተር ጀልባ የሚያሻግራቸው እሱ ነው፤ ጀልባው የሌላ ሰው ነው፣ እሱ ይነዳዋል። ዓርብ ዓርብ መጥቶ የኔታን ይጠራል፣ እኔ ማኅደራቸውንና መቋሚያቸውን ተሸክሜ እስከ ጀልባው እሸኛለሁ። ይህ የእኔ ሥራ ነበር። ከቅዳሜው በኋላ ግን በቀጣዩ ዓርብ ስመለከተው፣ ይበልጣል ማለት ያ ልጅ ነው። መነጽሩ ብቻ ነው የቀረው።

በሩን አያንኳኳም። አጥሩ ሥር ይቆምና ሦስት ጊዜ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ከዚያ እንጨቱ ላይ የታሰረችውን ፍየላችንን እያየ ይናገራል።

«የኔታ ተዘጋጁ ወይ?» ይላታል።

እታለም ከውስጥ ሆና፣ «ፍየሏ አልሰማችህም መሰል፣ ይበልጣል። እስቲ ደገም አድርገው» ትለዋለች።

«አይ... ሞተሩ ቀዝቅዞ እንዳያስቸግር ብዬ ነው።»

«ሞተሩ በፀሐይ ይቀዘቅዛል?»

አንገቱ ድረስ ይቀላና ወደ ጀልባው ይመለሳል። እታለም ግን አንድ ሳሕን ሁለት ጊዜ ታጥባለች። ቆጥሬአለሁ። ሁለት ጊዜ ታጥባ፣ አድርቃ ታስቀምጠውና እንደገና ታነሣዋለች። ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው እንዲህ የምታደርገው። ታዲያ የሚዋደዱት ሁለቱም ናቸው ማለት ነው። ታዲያ እነዚያ መጥተዋል ማለት ነው።

በሐይቁ ዳር ካለው ሾላ ላይ ጋጋኖ የሚባሉት መንቁረ ረጅም ወፎች ያርፉ ነበር። ድንገት ይነሡና ቃ ቃ ቃ ቃ እያሉ በራሳችን ላይ ያልፋሉ። ከገጠር የመጣሁ ልጅ ነኝ፣ ጋጋኖን አውቃለሁ። ግን ዓይኔን ጨፍኜ ስሰማው ከዘሃራ ቤት ሳቅ የሚለይበት ነገር አልነበረም። ያንን ዐቢይ ጾም ሙሉ ጆሮዬን ሰጥቼ ኖርሁ። ይበልጣል ጉሮሮውን ሲጠርግ ሾላውን አያለሁ። እታለም ሳሕኑን ስታነሣ ሾላውን አያለሁ። ሽሮ አምጪ ብትለኝ በርበሬ ይዤ እመጣ ነበር።

ፋሲካው በሚያዝያ መጀመሪያ ዋለ። ከፋሲካ በኋላ ባለው ዓርብ ማኅደሩን ተሸክሜ ከጀልባው ደረስሁ። የኔታ ከፊት ተቀምጠው ዳዊታቸውን ከፍተዋል። ይበልጣል ማኅደሩን ከእጄ ሲቀበል በምትኩ አንድ ነገር አስያዘኝ። አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት ነው፤ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል።

«ለእሷ» አለኝ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

«ለማን?»

«ለእሷ ነዋ።»

«ለፍየሏ?»

ቀልዴን አልነበረም። እኔ እሱ ከሌላ ጋር ሲያወራ አይቼ አላውቅም።

ዓይኑን ጨፈነ። «ለሙሉ» አለ።

ይህን ሲል ጋጋኖዎቹ ከሾላው ላይ ተነሡ። አራት አምስት ናቸው፤ ቃ ቃ ቃ እያሉ በጀልባው ላይ አለፉ። የኔታ ቀና እንኳ አላሉም። እኔ ወረቀቱን ደረቴ ውስጥ ከትቼ ሮጥሁ። ስሮጥ የወሰንሁት ይህን ነው፤ ይህ ወረቀት የእታለም እጅ ከገባ ይበልጣል ይወድቃል። ካልገባ አይወድቅም። ስለዚህ አይገባም።

የፊደል ገበታዬ ከጀርባው ካርቶን ተለጥፎበት ነበር። ጥጉን በጥፍሬ ፈልቅቄ ወረቀቱን በመካከል አስገባሁት። በየቀኑ ሀሁ የምልበት ገበታ ጀርባ ዋለ፣ አደረ።

በሚቀጥለው ዓርብ ይበልጣል ዓይን ዓይኔን አየኝ። «ሰጠሻት?» አለ። ራሴን ነቀነቅሁ። ሳድግ፣ «በፍርሃት የተንቀጠቀጥሁት አዎን መስሎት ነው» እያልሁ ራሴን ልሸነግል ሞክሬአለሁ። ትክክሉን ልጻፍ። አዎን ማለቴ ነበር። ዋሸሁ።

«ምን አለች?»

«ምንም።»

«እስኪደርስ ነዋ» አለ ለራሱ፣ ፈገግም አለ። እስኪደርስ? ምን እስኪደርስ? ለካ ወረቀቱ የሚጠብቀው ቀን አለው። ያን ጊዜ ከፍርሃቴ ላይ ሌላ ፍርሃት ተጨመረ፤ ምን እንደያዝሁ አላውቅም።

ላነበው ተነሣሁ። መንገዱን አሰብሁበት። በአንድ ቀን አንድ ቃል ብቻ እገለብጣለሁ። ለአንድ ሰው ሁለት ቃል አላሳይም። ተከታትለው የተጻፉ ሁለት ቃላት በተከታታይ ቀን አልጠይቅም። መጀመሪያ መዳፌ ላይ ጽፌ ለመምህሩ አሳየሁ። «ሞተሩ ይላል። ጥሩ ነው፣ ማስተዋል፣ ከየት አገኘሽው?» አለኝ። ከመኪና ላይ፣ አልሁት። የሱቁ ሰውዬ «ጎርጎራ» ብሎ አነበበልኝ። ከደሴቷ የተሻገረ አንድ የየኔታ ተማሪ «ሽማግሌ» አለኝ። ዘሃራ አንዷን ቃል ስታነብ ብዙ ቆየች፤ አማርኛው ከዓረብኛው ያስቸግራታል ብዬ አዘንሁላት።

የኔታን የጠየቅኋቸው በመሬት ላይ በእንጨት ጽፌ ነው። ጎንበስ ብለው አዩት።

«ፈራሁ ይላል» አሉ። «ምን ፈራሽ?»

«ምንም፣ የኔታ።»

«ምንም ያልፈራ ሰው ይህን ቃል ለመጀመሪያ አይጽፍም። የጻፍሻት «ራ» እግሯ ደግሞ ተጣሟል፤ እንዲህ ነው።» በመቋሚያቸው ጫፍ አቃንተው ጻፉልኝና ሄዱ።

አንዷን ቃል ለእታለም አሳየኋት። ለምን ይህን እንዳደረግሁ አላውቅም፤ ሰው አልቆብኝ ይሆናል። ልብስ እያጠበች ነበር። አመድ ላይ ጻፍሁላት። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ አየችና፣ «እጠብቃለሁ» አለች። «እጠብቃለሁ ይላል። ማንን ልትጠብቂ ነው፣ አንቺ?» ሳቀችብኝና ወደ ልብሷ ተመለሰች። እኔ ሾላውን አየሁ። አንድም ወፍ አልነበረም። ይህ ደግሞ የባሰ አስፈራኝ።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ነገር ሆነ። አንድ ቀን ገበታውን ሳየው ከመካከል ያለች ፊደል ራሷ ስሟን ነገረችኝ። ከሀ አልተነሣሁም። ቀጥሎ ሌላዋ፣ ቀጥሎ ሌላዋ። ማንበብ የተማርሁት ከመምህሩ አይደለም፤ ከዚያ ካልሰጠሁት ደብዳቤ ነው። ክፍል ውስጥ መምህሩ በእንጨቱ የትም ቢነካ እመልስ ጀመር፣ ልጆቹም መሳቅ ተዉ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ነገር ግን የማንበቤ ነገር እየፈጠነ በሄደ ቁጥር ደብዳቤው እየተከፈተ፣ እየተከፈተ መጣ፤ መዝጋት አልቻልሁም።

ሙሉውን ያነበብሁት ሐሙስ ዕለት ነው፣ ፍየሏ ከታሰረችበት ጀርባ ቁጭ ብዬ። እንዲህ ይላል፦

«ለወይዘሪት ሙሉ። ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ሞተሩ ግን ደህና አይደለም። ባለቤቱ ጀልባውን ወደ ጎርጎራ ሊወስደው ነው፣ እኔንም አብሮ። ሽማግሌ ልልክ አስቤ አባትሽን ፈራሁ። አንቺንም ፈራሁ። ፈቃድሽ ከሆነ ከልደታ በፊት ባለው ዓርብ ነጠላሽን በሐይቁ በኩል ባለው አጥር ላይ አስጪው። ካየሁት አልሄድም። እጠብቃለሁ። ይበልጣል።»

ልደታ እሑድ ነበር። ዓርቡ ነገ ነው።

አሁን ሁለት ሞት ሆነብኝ። ወረቀቱን ብሰጣት ይወድቃል። ባልሰጣት ይሄዳል። ሌሊቱን ሳስብ አደርሁ፣ ጠዋት ክፍል ውስጥም ሳስብ ዋልሁ። በመጨረሻ አንድ ነገር መጣልኝ፤ ዛሬም ሳስበው ለልጅ አእምሮ ክፉ አልነበረም እላለሁ። ልጁ የወደቀው ልጅቱ ወረቀቱን በእጇ ስትነካ ነው። ነጠላውን ግን እኔ ባሰጣውስ? እሷ ምንም አልነካች፣ እሱም ምልክቱን አየ። እነዚያም የሚስቁበት አያገኙም።

ከሰዓት እታለም ጓዳ ስትገባ ሳጥኗን ከፈትሁ። ጥለቱ አረንጓዴ የሆነውን፣ ለበዓል የምታደርገውን አወጣሁ። በሐይቁ በኩል ባለው የአጠና አጥር ላይ ዘረጋሁት፣ ነፋስ እንዳይወስደው ሁለቱን ጫፍ ከአጠናው ጋር ቋጠርሁ። ወዲያው የኔታ «ማስተዋል፣ ማኅደሬን» ብለው ጠሩኝ። የዚያን ዕለት ይበልጣል ከአጥሩ ሥር አልመጣም ነበር። ከጀልባው ዘንድ ሆኖ ነው የጠበቀን።

ሰማዩ በዘጌ በኩል ጠቁሯል። ጀልባው ውስጥ አንድ ሻንጣ በገመድ ታስሮ ተቀምጧል። ይበልጣል የበዓል ሸሚዙን ለብሷል። ከመቆሚያው ቤታችን አይታይም፤ ሾላው ይከልለዋል። የሚታየው ጀልባው ከወጣ በኋላ የደንገሉን ጥግ ሲዞር ነው።

«ቤት ማን አለ?» አለኝ።

«እታለም።»

«ምን ትሠራለች?»

እውነቱን ልነግረው አፌን ከፈትሁ። አጥር ላይ ነጠላ አለ፣ ሄደህ እይ፤ ይህን ማለት ብቻ ነበር። ነገር ግን ወደ ሾላው አየሁ። ጋጋኖዎቹ ነበሩ። አንገታቸውን ሰግገው ይጠብቃሉ።

«አላውቅም» አልሁ።

የኔታ ከጀልባው ሆነው፣ «ይበልጣል፣ ሰማዩን እያየህ ነው?» አሉት።

«የማየው ሰማዩን አይደለም፣ የኔታ» አለ። የሞተሩን ገመድ ሳበ። አልነሣ አለ። እንደገና ሳበ። በአራተኛው ተነሣ።

ቆሜ አየሁ። ጀልባው ወደ ደንገሉ እየሄደ ነው። ዝናቡ በሐይቁ ላይ ግድግዳ ሆኖ ሲመጣ ይታያል። ጀልባው ጥጉ ላይ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው እኔ ነጠላውን ማየት ፈለግሁ፤ ከእሱ እኩል ማየት። ከሾላው ወዲያ ወዳለው ጉብታ ሮጬ ወጣሁና ወደ ቤታችን ዞርሁ።

አጥሩ ባዶ ነው።

ጋጋኖዎቹ ተነሡ። ስንት እንደነበሩ አልቆጠርሁም። ቃ ቃ ቃ ቃ ሲሉ ዝናቡ ወረደብኝ፣ ወደ ሐይቁ መለስ ብዬ ሳይ ደንገልም ጀልባም አይታይም።

ቤት ስገባ ከራሴ እስከ እግሬ እንጠባጠባለሁ። እታለም ምድጃው ዘንድ ናት። ሳጥኑን ቀስ ብዬ ከፈትሁ። ነጠላው እዚያ አለ፣ ሦስት ላይ ታጥፎ፤ ማንም ነክቶት የማያውቅ ይመስላል። በእጄ ብዳስሰው ደረቅ ነው። አጥር ላይ ቋጥሬው የነበረውን የፈቱት፣ ያመጡት፣ ያጠፉት የማይታዩት ናቸው፤ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? እታለምን እንዳልጠይቃት መጠየቁ ራሱ መናዘዝ ነው። ትኩሳት ይዞኝ ሦስት ቀን ተኛሁ።

እሑድ የኔታ ሲመለሱ ያመጣቸው ሌላ ጀልባ ነው። ከአልጋዬ ላይ ሆኜ እሰማለሁ።

«ይበልጣልስ?» አለች እታለም። በአባቷ ፊት ስሙን ስትጠራ ያን ዕለት ሰማሁ፤ ከዚያ በፊት አልሰማሁም።

«ሄደ» አሉ።

«ወዴት?»

«ሄደ ነው ያሉኝ፣ ልጄ። እኔ ምኑን አውቄ።»

እኔ አንድ መሄድ ብቻ ነበር የማውቀው፤ ደብዳቤው ውስጥ ያለውን። እታለም ሳሕን አነሣች። አጠበችው፣ አደረቀችው። አነሣችው፣ አጠበችው። በሦስተኛው ሳሕኑን እንደያዘች ቆመች፣ ውሃው በክርኗ እስኪወርድ ድረስ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን አልጽፍም። እታለም አገባች፣ ወለደች፣ ባሏን ቀበረች። እኔ ባልም ልጅም መጻሕፍት ሆነውልኝ ኖርሁ። ደብዳቤው ከገበታው ጀርባ ወጥቶ ከአንዱ መዝገበ ቃላት ወደ ሌላው እየተዛወረ አብሮኝ አለ።

ባለፈው ኅዳር ፔዳ፣ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ፣ አንድ ካፌ ተቀምጬ ሻይ እየጠጣሁ አጠገቤ ካለው ጠረጴዛ ያ ሳቅ መጣ። ያው ሳቅ ነው። ብርጭቆውን አስቀመጥሁ። አንዲት ተማሪ ስልኳን ከስኳር ማስቀመጫው ጋር አስደግፋ ታያለች። ሰፊ ኮሌታ፣ መነጽር፣ በር፣ ደወል። ልጁ ወረቀቱን ዘረጋ። ልጅቱ ተቀበለች። እንደ ግንድ ወደቀ።

ዓይኔን ከስልኩ ላይ አነሣሁ። ማየት አልቻልሁም።

«ይቅርታ፣ እህቴ» አልኋት፣ «ይህ ልጅ ከዚህ በኋላ ምን ይሆናል?»

ቀና ብላ አየችኝ። «ምን ይሆናል? ይነሣል ነዋ፣ እትዬ። የአበባውን ውሃ ትደፋበታለች። ከዚያ አብረው ኬክ ይበላሉ። ላሳይዎት?»

«አያስፈልግም» አልሁ። «እና የሚስቁት?»

«ቅጂ ነዋ። ሁሌም ያው ሳቅ ነው የሚያስገቡት።»

ቤቴ ሄጄ መዝገበ ቃላቱን ከፈትሁ፣ ባጃጅ ይዤ ሰባታሚት ወረድሁ። እታለም ዛሬ የምትኖረው እዚያ ነው። በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ ምስር ትለቅማለች።

«ምነው፣ ፊትሽ?» አለችኝ። «ሰው ሞተ?»

«አልሞተም፣ እታለም። ተነሣ።»

«ማን?»

ከመጀመሪያው ጀመርሁ። ዲሹን፣ ዘሃራን፣ መብራት መሄዱን፣ «ለፍየሏ?» ማለቴን፣ ራሴን መነቅነቄን። ምንም አልዘለልሁም። እጇ ምስሩን እየለየ ይሰማኛል። ነጠላው ላይ ስደርስ እጇ ቆመ።

«እሱን ያወረድሁት እኔ ነኝ» አለች።

ከበረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጥሁ።

«ዝናብ መጣ። አጥር ላይ አየሁት። ለልደታ አናፍሰሽልኝ መስሎኝ፣ ልጅቱ ሙያ ጀመረች ብዬ ደስ እንዳለኝ ትዝ ይለኛል። አጥፌ መለስሁት። ከዚያ ታመምሽ።»

«ስታወርጂው ጀልባው የት ደርሶ ነበር?» አልሁ። ድምፄ የሌላ ሰው ሆነብኝ። «ጥጉን ዞሮ ነበር? ወይስ ገና ነው?»

«ጀልባ አላየሁም።»

«ሐይቁ እኮ ፊት ለፊትሽ ነው።»

«ጀርባዬን ሰጥቼ ነው ያወረድሁት። ዓርብ ዓርብ ወደ ሐይቁ አላይም ነበር እኮ።»

«ለምን?»

«እንዳይስቁብኝ» አለች።

«ማን?»

«እኔ እንጃ፣ ማስትዬ። ማን ነበር? ቤት ውስጥ እንደሁ እኔና አንቺ ብቻ ነበርን።»

«ከሄደ በኋላስ ስለ እሱ ሰማሽ?»

«ማክሰኝት ገበያ ታየ ብለው ነበር አንድ ሰሞን። ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ።» የምስሩን ሰፌድ ወደ ጎን አደረገች። «አለ? ወረቀቱ።»

ሰጠኋት። እጇ ሲነካው ዓይኔን ጨፈንሁ፤ ልምድ ነው። ስገልጠው መነጽሯን እያደረገች ነበር። ቀስ ብላ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች። «ሞተሩ ግን ደህና አይደለም» ላይ ስትደርስ ሳቀች። ትከሻዋ እስኪነቃነቅ፣ መነጽሯን አውርዳ ዓይኗን እስክትጠርግ ሳቀች። እኔ የሚስቀውን ሰው ፊት አየሁ። በግራ በኩል አንድ ጥርስ ጎድሏታል።

መነጽሯን መልሳ አደረገችና ቀጠለች። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ጣቷን በአንዲት ቃል ላይ አሳረፈች።

«ይህችንስ ያን ጊዜም አንብቤልሻለሁ» አለች። «አመድ ላይ።»